የቀበሌ የሕይወት ታሪክ፤ ከቀብር በኋላ ዘግይቶ የተነበበ

ክቡራን ለቀስተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶቻችን! ይህ የሕይወት ታሪክ መነበብ የነበረበት በ2003 ዓ.ም. ነው። የዘገየው ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው።

የአዲስ አበባው ቀበሌ ከአባታቸው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967፣ ከእናታቸው ከአብዮት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ነበር፤ በዚህ ስም ከማኅተማቸው በቀር የጠራቸው የለም። ገና በጨቅላነታቸው ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች ተሰጧቸው። ጣሪያው አፈሰሰ ሲባሉ «በጀት የለም»፣ ተከራዩ ራሱ ቆርቆሮ ሲቀይር ደግሞ «ማን ፈቀደልህ?» እያሉ ዕድሜያቸውን ፈጁ።

የሟችን ክፉ ማንሳት ነውር ነው። ቢሆንም በቀይ ሽብር ዘመን ግቢያቸው ውስጥ እስር ቤት ነበር፤ ገብተው ያልወጡ የሰፈር ልጆችም ነበሩ። ይህን ዘልዬ ባነብ ከዚህ ድንኳን ተነሥተው የሚወጡ እናቶች አሉ።

በኅብረት ሱቃቸው ስኳርና ዘይት በራሽን አድለዋል። በመሠረተ ትምህርት በጣት አሻራ ይፈርሙ የነበሩትን ስማቸውን አስጽፈዋል። ከሁሉ በላይ ግን ሰው ያውቁ ነበር፤ ማን እንደ ወለደች፣ የማን ልጅ ማታ እንደሚያመሽ፣ የማን አጥር ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ክንድ ወደ መንገድ እንደሚገፋ። ይህ ዕውቀታቸው አንዳንዱን አስበልቶታል፣ አንዳንዱንም አድኖታል።

ሕመማቸው መዋቅር ይባላል። በ1995 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው ከፍተኛ ሞተው ክፍለ ከተማ ሲተካቸው፣ እሳቸውንም አጣምረው «03/09» የሚል የእዝባር ስም አወጡላቸው። ከዚያ በኋላ አላገገሙም። በ2003 ዓ.ም. በ116 ወረዳዎች ተተኩ። በማግስቱ ስንሄድ ቢሮው ያው፣ ወንበሩ ያው፣ «ነገ ተመለሱ» የምትለዋ ልጅም ያችው ናት፤ የታፔላው ቀለም ብቻ አልደረቀም። የገጠር ዘመዶቻቸው ግን እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬም በሕይወት አሉ።

ለመታሰቢያቸው ወረዳው ትናንት ችግኝ ተክሏል። ካፊያው እየወረደ አረንጓዴ ቲሸርት የለበሱ ኃላፊ ግራቪሊያውን ከነጥቁር ላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ አቆሙት፤ ፎቶ አንሺው ቸኩሎ ነበር። ሁሉም ሄደው ሲያበቁ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተመልሳ አወጣችው፣ ላስቲኩን በጥርሷ ቀድዳ አፈሩ እንዳይበተን በመዳፏ ደግፋ እንደገና ተከለችው። እሷ ቆጠራው ውስጥ የለችም። ቆጠራውማ የታወቀ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉ ተነግሮናል።

ጥር ላይ ማን ያጠጣዋል? ሟች ቢኖሩ ኖሮ በየቤቱ ተራ አውጥተው፣ ዝርዝሩን በራቸው ላይ ለጥፈው፣ «ውኃ ያላጠጣ ስኳር የለውም» ባይሉ ከምላሴ ጸጉር! ግፍ ነበር፤ ግራቪሊያው ግን ይጸድቅ ነበር። ዛሬ ችግኙን የመዘገበው ባለሙያ በአዲሱ መዋቅር ሌላ ወረዳ ተመድቧል። መዝገቡ የት እንደ ተመደበ ገና አልተለጠፈም።

ሟች ያለ ኑዛዜ ስላረፉ ሀብታቸውን ወረዳው ወርሷል። ሳይፈርሱ የቀሩት ቤቶቻቸው ዛሬም «የቀበሌ ቤት» ይባላሉ፤ ወራሽ ኪራይ ይሰበስባል፣ ጣሪያውን በተመለከተም የሟችን ቃል አክብሯል።

ነፍስ ይማር። ከመነሣታችን በፊት አንድ ማስታወቂያ አለ፦ ፍየል ያላችሁ ለቀስተኞች ቢያንስ እስከ ሠልስት ድረስ እንድታስሩልን የእድሩ ዳኛ በትሕትና ያሳስባሉ።