ወንበሩን ተወውና በሩን እየው

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ማንጎው ጥላ ስር፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ወንድማችን ስልኩን ኪሱ ከተተና «እንግሊዝ አለቀላት!» አለ። «ካሜሮን፣ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ፣ ስታርመር! ከ2016 እስከ 2024 ብቻ ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትር። ይሄ መንግሥት ነው ወይስ የባጃጅ ተራ?» (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የቆጠረው፤ እኔም ካልጠቀስኩ በቀር በፈረንጅ እቆጥራለሁ።)

ወንድሜ፣ ባጃጅ ተራ ስላለው አይደለም የምትጣሉት፤ ተራ የጠፋ ቀን ነው።

«ትረስ እኮ 49 ቀን ነው የቆየችው!» አለ ደግሞ። አዎ፣ 49 ቀን። ከየት እንደሚሸፈን ሳይነገር ግብር እንቀንሳለን አሉ፤ ፓውንድ ወደቀ፣ የቤት ብድር ወለድ ናረ። አንድ ጋዜጣም ሰላጣ ካሜራ ፊት አስቀምጦ «ማን ቀድሞ ይጠወልጋል?» አለ፤ ሰላጣው አሸነፈ። አንተ በሰላጣው ሳቅህ፤ እኔ በቀኑ ቀናሁ። የእሳቸው ስህተት በ49 ቀን ተነግሮ፣ ተመክሮበት፣ አበቃ። አንተ የምታውቀው ስህተት ስንት ዓመት ወንበር ላይ ተቀመጠ?

ከጎን የተቀመጡ አባታችን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሳረፉና «ለእኛ የሚያዋጣን ጠንካራ ሰው ነው። እንደዚያች እንደ ታቸር!» አሉ።

አባቴ፣ ታቸር በእርግጥ ጠንካራ ነበሩ። ፓርቲያቸውን እየመሩ ሦስት ምርጫ አሸንፈዋል፤ አንድም አልተሸነፉም። ከ1979 ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ተኩል ገዙ። ግን የነፍስ ወከፍ ግብር አምጥተው ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ፣ የሚመክራቸውን ሁሉ ሲያስቀይሙ፣ በኅዳር 1990 ያወረዳቸው ጠላት ሳይሆን የገዛ ፓርቲያቸው ነው። ጥንካሬ ጆሮ ካልጨመሩበት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ አይመራም።

ጠንካራ ካሉ ቸርችልን ይጥሩ። ሂትለርን ተቋቁመው አገራቸውን አተረፉ፤ ጦርነቱ አውሮፓ ላይ ባበቃ በሦስተኛው ወር፣ በሐምሌ 1945፣ ሕዝቡ አመስግኖ አሰናበታቸው። በቦታቸው የተተኩት ድምፃቸው እንኳ የማይሰማ ሰው ናቸው፤ ክሌመንት አትሊ። ንግግር አልቻሉም፤ ሥራ ግን ቻሉ። በ1948 ድሃው ሳይከፍል የሚታከምበትን የጤና አገልግሎት አቆሙ፤ እስከ ዛሬ አለ። የታመመ ልጅ አዝላ ሐኪም ቤት ወረፋ የዋለች እናት ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለች? እሷን ይጠይቁልኝ።

«የእንግሊዝ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ይለኛል ሌላው። እንዴት ምናችን አይሆን? ይህ የባሮ ዳርቻ የእነሱ ጣቢያ ነበር። በጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሳልዝበሪ ዘመን፣ በግንቦት 1902፣ ከአጤ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ቦታ አገኙ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የካርቱም መርከብ ይመጣ ነበር፤ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ተጭኖ ይወርድ ነበር። ቦታው የተመለሰልን ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው።

ያን ጊዜ ለንደን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አንቶኒ ኤደን ናቸው። ኤደንን ልብ በሉልኝ። በ1938 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቻምበርሌይን ከሙሶሊኒ ጋር ካልታረቅሁ ሲሉ፣ ኤደን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውን ጥለው ወጡ። ቻምበርሌይን በዚያው ዓመት የጣሊያንን ወረራ አጸደቁ፤ አገራችንን ለወራሪ ፈረሙለት። ኤደን ግን በክብር የወጡ ሰው ሆኑ። እኚሁ ሰው ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሱዊዝ ላይ ዘመቱ፣ እውነቱን ከፓርላማው ደበቁ፣ በጥር 1957 ታመው ለቀቁ። ጥሩ ሚኒስትር ሁሉ ጥሩ መሪ አይወጣውም። «እገሌ ቢሮ ሲመራ ጎበዝ ነበር» እያላችሁ ሹመት የምታድሉ፣ ይህን አትርሱ።

አሁን ወደ ቤታችን። እዚህ ማንጎ ስር መሪ ሲነሳ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ተራው የማን ነው? የኑዌር ወይስ የአኙዋክ?» ክልላችንን የመሩትን እንደረድራለን፦ ኦሞድ ኡባንግ፣ ከ2013 ጀምሮ ጋትሉዋክ ቱት፣ ከ2018 ጀምሮ ኡሞድ ኡጁሉ፣ በ2024 አለሚቱ ኡሞድ። ስም እንቆጥራለን፣ ወገን እንቆጥራለን። በ2016 የሙርሌ ታጣቂዎች ድንበር ተሻግረው ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲገድሉና ከመቶ በላይ ሕፃናት ሲወስዱ፣ የሟቾቹ እናቶች «ተራው የማን ነበር?» አላሉም። «የት ነበራችሁ?» ነው ያሉት። ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያመኝን ልናገር። ታህሳስ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በዚህች ከተማ አኙዋኮች ተጨፈጨፉ። በጊዜው ክልሉን ይመሩ የነበሩት ኦኬሎ አኳይ ከአገር ሸሹ። በ2014 ጁባ ላይ ተይዘው መጡ፣ በ2016 ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ2018 ተፈቱ። የአንድ ክልል መሪ ዕጣ ይህ ሆነ። ቴሬዛ ሜይ ግን በ2019 አልቅሰው ወረዱ፤ ከዚያ አምስት ዓመት በዚያው ፓርላማ ተራ አባል ሆነው ተቀመጡ፣ የተኳቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ተቹ። ማንም አላሳደዳቸውም። በሩን እየው ያልኩት ይህንን ነው።

ባጃጅ ነጂው «ይሄ ለፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሰው አይለቅም» አለ። ይለቃል! በየካቲት 2010 ዓ.ም. ኃይለማርያም ደሳለኝ «የመፍትሔው አካል ልሁን» ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በመጋቢት ፓርላማ ውስጥ ለተተኪያቸው አስረከቡ። በሕይወት እያሉ፣ በእግራቸው። ሌላው ሥራቸው ላይ ብዙ ልንከራከር እንችላለን፤ በዚህ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን በዚህ ደጋግመን ልናነሳ ይገባል።

ስለዚህ የክልላችን ምክር ቤት አባላት ሆይ፣ ድምፅ ሰጥታችሁ የምትሾሙትም የምታወርዱትም እናንተ ናችሁ። መሪ ስትሾሙ ምን እንዲሠራ እንደሾማችሁት ንገሩን። ስታወርዱም ለምን እንዳወረዳችሁት በግልጽ ንገሩን፤ በኑዌርኛም፣ በአኙዋክኛም፣ በአማርኛም። ካልነገራችሁን እኛ ማንጎ ስር በግምት እንሞላዋለን፤ ግምት ደግሞ በዚህች ከተማ ሰው አስገድሏል።