በብስክሌት ዘመድ ስለ መጠየቅ፦ ከአፍንጮ በር የተነሣ ጥናት

መግቢያ

ስለ ሠርግ ብዙ ተጽፏል። ስለ ለቅሶም ተጽፏል። ስለ ዕድርና ስለ ዕቁብ የመመረቂያ ጽሑፍ ያላሰበ የስድስት ኪሎ ተማሪ ማግኘት ይቸግራል። አንድ ሰው ግን ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይዳር፣ እንዲያው እሑድ ጠዋት ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ አክስቱን ሊጠይቅ ቢሄድ ምን ይከተላል? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ባለቤት አላገኘም። የጥናቱ መነሻ የአዲስ አበባው አፍንጮ በር ሲሆን፣ ሰፈሩ የተመረጠበት ምክንያት ጥብቅ ሳይንሳዊ ነው፤ አጥኚው የሚኖረው እዚያ ነው።

ቀዳሚ ተሞክሮዎች

በጃፓን ገጠር ጉዳዩ እልባት ካገኘ ቆይቷል። ሰውዬው ስጦታውን ከፊት ባለችው ቅርጫት ያስቀምጣል፣ በሩዝ ማሳው ዳር ቀስ እያለ ይነዳል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይመለሳል። የሚደነግጥ የለም። እኛም ይህን የመቅሰም ዕድል ነበረን። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በተከታዩ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን አይተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ሕገ መንግሥቱ መጣ፣ መጽሐፉም መጣ፤ ቅርጫቷ ቀረች።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት፣ በ1949ኙ የሜልቦርን ውድድር፣ ብስክሌተኞች እንዳሰለፈች አይካድም። ይህ ግን ለጥናታችን ማስረጃ አይሆንም፤ በመንገዱ ላይ ቡና አፍልታ የምትጠብቅ አክስት አልነበረችም።

የዳገት ጉዳይ

አዲስ አበባ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነሥታ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስክትደርስ ወደ 2330 ሜትር ትወርዳለች። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ሲወርድ፣ ከላይ የቀሩትን ዘመዶች ማን በምን ይጠይቃቸው የሚለው ነጥብ ለውይይት አልቀረበም። ውጤቱን የምንከፍለው እኛ ነን።

ከአፍንጮ በር ወደ ሱሉልታ የሚሄድ ብስክሌተኛ በሰሜን ሆቴልና በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን ይያያዘዋል። እንጦጦ ጫፍ ሳይደርስ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ይቀድሙታል። አንዳንዶቹ እያወሩ ነው የሚቀድሙት።

የክብር ጉዳይ

ዳገቱ ግን ዋናው መሰናክል አይደለም። በከተማችን ብስክሌት ጃንሜዳ በሰዓት የሚከራይ የልጅ ነገር ነው። ስለዚህ ጢም ያለው ሰው በብስክሌት ደጃፍ ሲደርስ አክስት ቀድማ የምትመረምረው ፊቱን ሳይሆን ኑሮውን ነው። «ምነው ልጄ፣ በደህናህ ነው?» ትላለች። ከሥራ እንዳልተባረረ፣ ሚስቱም ጥላው እንዳልሄደች ለማስረዳት አቦሉ ያልቃል። ለጤናዬ ብዬ ነው ቢል የባሰ ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ ሳይበላ አይሄድም።

የሰላምታና የሽኝት ጉዳይ

በቅሎ የተቀመጠ ሰው ትልቅ ሰው ሲያገኝ ወርዶ እጅ መንሣቱ የቆየ ደንብ ነው። ብስክሌቱም ይህን ደንብ ወርሷል። ስለዚህ የብስክሌተኛ ፍጥነት የሚወሰነው በማርሹ ሳይሆን በሚያውቁት ሰዎች ብዛት ነው። አፍንጮ በር ተወልዶ ያደገ ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ ሊረፍድበት ይችላል።

መመለሱ ደግሞ ሌላ ነው። አክስት እስከ አስፋልቱ ልሸኝህ ትላለች። እሷ በእግሯ እየሄደች እሱ ቢነዳ ነውር ነው፤ ስለዚህ ብስክሌቱን እየገፋ አብሯት ይሄዳል። እሷ ያሠረችለትን አይብና እግሯ የታሰረውን ዶሮ ብስክሌቱ ይሸከማል። በዚህ ደረጃ ብስክሌቱ መጓጓዣ መሆኑ ቀርቶ ሦስተኛ መንገደኛ ይሆናል።

ዋናው ግኝት

እስከ ቅርብ ጊዜ የአፍንጮ በር ሰው አብዛኛውን ዘመዱን ለመጠየቅ ብስክሌት አላስፈለገውም። አክስት ፒያሳ፣ አጎት ዶሮ ማነቂያ፣ የክርስትና እናት ውቤ በረሃ ነበሩ፤ በነጠላ ጫማ ይደረስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የፒያሳና የአካባቢው ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ከተማዋ ዳር ወዳሉት ወደ ገላን ጉራና ወደ ቦሌ አራብሳ ሄደ። በምትኩ መንገዱ ሰፋ፣ ዘንባባ ተተከለ፣ በዳሩም ንጹሕ የብስክሌት መስመር ተሠራ።

ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ መንገድ ባልነበረበት ዘመን ዘመድ ቅርብ ነበር፤ የብስክሌት መንገድ ሲመጣ ዘመድ ለብስክሌት የሚበቃ ርቀት ላይ ተቀመጠ። በመስመሩ ላይ መንዳት አሁን በጣም ፈጣን ነው፤ ወርደው ሰላም የሚሉት ሰው የለም። ገላን ጉራ ደግሞ መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት በመሆኑ፣ «መሽቷል፣ እደር» የሚለው የአክስት አቋም ለመጀመሪያ ጊዜ የፊዚክስ ድጋፍ አግኝቷል።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ የብስክሌት መስመሩ ብስክሌቱን ለሚገፋ ሰውና ከጎኑ ለምትሄድ አክስት እንዲበቃ ይስፋ። ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው ፕላን ሲነደፍ ከዘንባባው ጋር ዘመድም አብሮ ይተከል። ሦስተኛው ለአንባቢ ነው፦ ገላን ጉራ የገቡት የክርስትና እናትዎ ከሄዱ ወዲህ አልጠየቋቸውም። ብስክሌት ባይኖርዎ ታክሲም ያደርሳል።