ሞቅ ያለ ድምፅ

ነቀምቴ ላይ ዕቃ ሲበላሽ ምርመራው የሚጀመረው ከባለቤቱ ነው። ራዲዮው ቢንሾካሾክ «ጆሮህን ታጠብ»፣ ቴሌቪዥኑ ቢደበዝዝ «መነፅርህን ቀይር» ይባላል። የእህቴ ባል በግራ ጆሮው ዘፈን አልሰማ ያለው ጊዜም መጀመሪያ የተላከው ወደ ሐኪም ነበር። ሐኪሙ አየና ጆሮው ጤነኛ ነው፣ ለዕድሜው እንዲያውም የሚያስቀና ነው አለው። እህቴ አልተዋጠላትም። «ታዲያ እኔ ስጠራው የማይሰማው በየትኛው ነው?» አለች።

ጋሼ የምለው ይኸው የእህቴ ባል ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሚኒያፖሊስ የሚኖር የቀድሞ ተማሪው «ለቲቸር» ብሎ በሰው እጅ አንድ አምፕሊፋየር ከነጆሮ ማዳመጫው ላከለት። (ሚኒያፖሊስ ለወለጋ ሰው ሩቅ አገር መሆኗ ከቀረ ቆይቷል። ከሻምቡ ይልቅ ከዚያ ቶሎ ስልክ የሚነሳበት ቀን አለ።) አምፕሊፋየሩ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። አናቱ ላይ አራት የመስታወት ቫልቮች ተተክለዋል፤ ሲበራ ሆዳቸው ቀላ ይልና ክፍሉን ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን ቫልቭ ሠራ፤ በ1906 አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ሌላ ኤሌክትሮድ ጨመረለት፤ በ1947 ትራንዚስተር ሲመጣ ደግሞ ያበቃለት መሰለ። አላበቃለትም። ጊታር መቺዎችና ጆሮአቸው የሚያሳስባቸው ባለጠጎች «ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» ብለው እስከ ዛሬ አቆዩት።

የጋሼ ፍቅር ግን ከባለጠጎቹ ጋር አይገናኝም። አባቱ ቫልቭ ያለው ራዲዮ ነበራቸው። የብስራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1969 ዓ.ም. መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ ያ ራዲዮ ከቤታቸው አልጠፋም። ቫልቩ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ አባትየው ደግሞ ሰዓቱ ሳይደርስ ራዲዮ የሚከፍቱ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ዕድሜ ልካቸውን ዜና የሰሙት ከመሐል ጀምሮ ነው ይላል ጋሼ። ማን እንደተሾመ ያመልጣቸዋል፣ ማን እንደተሻረ ይደርሳሉ።

ወደ ማዳመጫው ልመለስ። የመጀመሪያው ግራው ሞተ። ጋሼ የለመደውን አይለቅምና ያንኑ ዓይነት ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ የእሱም ግራው ሞተ። ሦስተኛውም እንዲሁ። መሞቱ በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ መጀመሪያ ወፈር ያሉት ድምፆች መንተፋተፍ ይጀምራሉ፣ ዓሊ ቢራ ኡዱን ሲመታ ከሥሩ የወረቀት መሻከር ይሰማል፣ ከዚያ ጭር። ይህን ጊዜ ዘመድ ሁሉ ባለሙያ ሆነ። ከጊምቢ የደወለው የአጎቱ ልጅ «መብረቅ ነው» አለ፤ ወለጋ ውስጥ በሰኔ ይህን የሚከራከር የለም። ነጆ ያለው «የቻይና ስለሆነ ነው፣ ኦሪጅናል ግዛ» አለ። ደምቢ ዶሎ የመዘምራን ሞንታርቦ የሚያዘው ወጣት «ጃኩን ቀይሩት» ብሎ እንደ ሐኪም በስልክ አዘዘ። የሻምቧ አክስት ግን ነገሩን በአንድ ቃል ዘጋችው፦ «ዓይን ነው!»

ሁሉም ስለ ሟቹ ተናገረ። ሦስቱም ሟቾች በመጨረሻ ማን ቤት እንደታዩ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቀው በመጨረሻ የሄድንበት ዕቃ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው የሚነጋገረው በምልክት ነው፤ ቴስተሩ መስታወቱ ተሰንጥቆ በቁስል ፕላስተር ተይዟል። የቴስተሩን ሁለት ጫፍ የማዳመጫው ጃክ ላይ አሳረፈ። ቀኙ 31 ኦም አለ፤ 32 ተብሎ ለተጻፈበት ጤና ነው። በግራው መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ሽቦው ተቃጥሏል» አለ። «የቀሩት ሁለቱስ?»

«እነሱም ግራ፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው አራተኛም ይግዙ ቲቸር፤ እኔ ደንበኛ አልጠላም። ካልሆነ የሚበላውን ዕቃ ያምጡት።»

በማግስቱ አመጣነው። ጠጋኙ ማዳመጫ አልሰካበትም። በምትኩ አንድ 33 ኦም ሬዚስተር ለእያንዳንዱ ወገን ሰካ፤ ቢቃጠልም የጥቂት ብር ነገር ነው። ዘፈን ሳይከፍት ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጎ ለካ። በቀኝ በኩል ጥቂት ሚሊቮልት፤ እሱ የወጉ ነው። በግራ በኩል ቫልቮቹ እየሞቁ ሲሄዱ ቁጥሩም አብሮ ወጣ፣ ወጣና ሁለት ቮልት ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ጠጋኙ ካውያውን አስቀምጦ አስተማረን። ዘፈን ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚመላለስ ኮረንቲ ነው፤ የማዳመጫዋ ቀጭን ሽቦ አብራው ትወዛወዛለች፣ ድምፅ የምንለው ያንን ነው። ዲሲ ግን አይመላለስም። ትከሻውን በር ላይ አስደግፎ እንደቆመ ሰው ሽቦዋን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ይዟት ይቆያል፤ ሁለት ቮልት በ32 ኦም ላይ ከ100 ሚሊዋት በላይ ነው፣ እሱም ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጆሮ ምንም አይሰማም። ሽቦዋ መሐሏን ስታ ትፋቃለች፣ ትግላለች፣ በመጨረሻ ትበጠሳለች። ጋሼ ሲያደንቀው የኖረው ሞቅ ያለ ድምፅ ከፊሉ ይኸው ኖሯል።

የግራውንና የቀኙን ቫልቮች አቀያየራቸው። በሽታው አብሯቸው ቢሄድ ጥፋተኞቹ እነሱ ነበሩ፤ እሱ ግን ከግራ ንቅንቅ አላለም። ቫልቮቹ በነፃ ተሰናበቱ። ከዚያ ሶኬቱን ነቅሎ አቀዘቀዘው፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ያድራልና መጀመሪያ በሬዚስተር አስተነፈሰው። ሲሠራ አንድ እጁን ወደ ኋላ አጥፎ ነው። ጋሼ ለእሱ አክብሮት መስሎት «ኧረ ግድ የለም፣ ዘና ይበሉ» አለው። ለካ ኮረንቲ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ልብን እንዳያገኝ ነው።

ክዳኑ ሲነሳ ከግራው መውጫ ፊት ያለው ካፓሲተር አናቱ አብጧል፣ እግሩ ሥር ረጥቧል። የዚህ ዕቃ ሥራ ዘፈኑን ማሳለፍ፣ ዲሲውን መከልከል ነው። ዘበኛው ታሞ በሩ ክፍት አድሯል ማለት ነው። የቀኙ መንትያ ግን ደህና ነው። ለምን ግራው ብቻ? ጠጋኙ ከአየር መውጫው ቀዳዳ በወረንጦ አንድ ነገር ሳበ። ጫፉ ቡናማ የሆነ ነጭ ክር።

ዳንቴል!

እህቴ ቫልቮቹን አልነካችም፤ እሳት መሆናቸውን ታውቃለች። ከኋላቸው ያለውን ጥቁር ሳጥን ግን ባዶውን ማየት አልሆነላትም። ዳንቴሉን እንደ ደንቡ በሰያፍ፣ አንዱ ጥግ ወደ ግራ እንዲወርድ አድርጋ አለበሰችው፤ በግራ ያለው መተንፈሻም አብሮ ተሸፈነ። በዚያ ላይ ዕቃው የተሠራው ለአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ቮልቱን አንድ መቀነሻ ሳጥን ቀንሶለታል፤ ኸርዙን ግን ማንም አልነካውም፣ የእኛ 50 ነው። ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይግላል። እንዲህ ዓይነቱ ካፓሲተር ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይላሉ የሙያው ሰዎች።

እህቴ በዳንቴሏ የምትደራደር ሴት አይደለችም። «የአባቱ ራዲዮ ላይ የእናቱ ዳንቴል ስንት ዘመን ሲኖር ማን ሞተ?» አለች። ያ ራዲዮ የሚተነፍሰው በጀርባው እንደነበር ጋሼ ሊያስረዳት ሞከረ። «እንግዲያው ይሄንንም በጀርባው ያስተንፍሱት» ብላ አንጮቴዋን ወደ መላጥ ተመለሰች።

ምትኩን ፍለጋ መርካቶ ድረስ 330 ኪሎ ሜትር መላክ አላስፈለገም። ጠጋኙ ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ሁለት እኩል ባለ 200 ቮልት ካፓሲተሮች አወጣ፤ ቀኙንም ጭምር ቀየረው፤ አንዱ ካረጀ መንትያውም ሩቅ አይደለም ብሎ። እንደገና ሲለካ ግራውም ጥቂት ሚሊቮልት ላይ አረፈ። ለጋሼም ትእዛዝ ሰጠው፦ ቫልቮቹ ሳይሞቁ ማዳመጫ አይሰካም፤ ማዳመጫው ሳይነቀልም አምፕሊፋየሩ አይጠፋም። ከሦስቱ ማዳመጫዎች ሁለት ደህና ቀኞችን አውጥቶ አንድ ሙሉ ማዳመጫ ሠራለት። ጋሼ አሁን በሁለት ቀኝ ጆሮ ነው የሚያዳምጠው፤ ልዩነቱንም እሰማለሁ ይላል።

ሦስተኛው ቀኝ ለጠጋኙ በክፍያ ምትክ ቀረ። አምፕሊፋየሩም እንዲሁ፣ ለጊዜው። «አዲስ ካፓሲተር መላመድ አለበት ቲቸር፤ ሙከራ ላይ ነው» ይላል፣ በአንድ ጆሮው ዓሊ ቢራን እየሰማ። ጋሼም ከሰዓት ከሰዓት ሁለት ቀኞቹን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሙከራውን ሊከታተል ወደ ሱቁ ይወርዳል። እህቴ በበኩሏ ኪሮሿን ይዛ አዲስ ዳንቴል ጀምራለች፤ ከመሐሉ አራት ክብ ቀዳዳ፣ በግራው በኩል ደግሞ አንድ ትልቅ።