ሞተር የገባለት ሳይክልና የእትዬ ቆጣሪ

ሳይክል ላይ ሞተር መግጠም የማያስፈልገው የኢትዮጵያ ከተማ ቢፈለግ ባሕር ዳርን የሚቀድማት ያለ አይመስልም። ደሴና ጎንደር ቢመኙ አይፈረድባቸውም፤ ዳገት አለባቸው። ባሕር ዳር ግን ጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ፕላኗን ሲነድፍላት ጎዳናውን ሰፋ አደረገው፤ ዘንባባው በግራ በቀኝ ተሰለፈ፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሽማግሌው ሳይቀር ፔዳል እየረገጠ ኖረ። ከፍ ያለ ነገር ካለ ቤዛዊት ኮረብታ ነው፤ እሱም ላይ ቢሆን ንጉሠ ነገሥቱ የወጡት ቤተ መንግሥት ሊያሠሩበት እንጂ በሳይክል አልነበረም።

እዚህ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ዘመን ያስቆጠረች ቻይና ሠራሽ ሳይክሉን «በኤሌክትሪክ አስነዳታለሁ» ብሎ ተነሣ እንበል። ስም አይሰጠው። ሽምብጥ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሚሠራ፣ ጉልበቱ ከሳይክሉ ቀድሞ ሲጥ ሲጥ የሚል ሰው ነው ማለቱ ይበቃል። የሚመስሉት ብዙ ናቸውና ማንም «እኔን ነው» ብሎ ባይቀየም መልካም ነው።

ሰበብ አላጣም። ከሐይቁ የሚነሣው የከሰዓት ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሜዳውም ዳገት ይሆናል። ከኋላ ጤፍ ከተጫነ፣ ሙቀቱም ከበረታ፣ ሰውየው ቤቱ ሲደርስ ሸሚዙ የሚጨመቅ ነው። ደግሞም ወሬው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንደማይገባ ተናግረዋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግድቡን የሚሞላው ዓባይ ከጣና ሲወጣ የሚያልፈው በባሕር ዳር በኩል ነው። «ውኃው በደጄ አልፎ ሄዶ ለሌላው መኪና ሲሆን እኔ ለአንዲት ሳይክል ምን ያግደኛል?» አለ ሰውየው። ለዚህ መልስ ያገኘለት ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የፈተነው የዋት ምኞት ነው። ሻጩ 1,000 ዋት ሲለው ዓይኑ በራ። እውነቱን ለመናገር ግን ጤነኛ ሰው በሜዳ ላይ ተዝናንቶ ሲነዳ ፔዳሉ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት 100 ዋት ቢደርስ ነው። አውሮፓውያን ለሳይክል ሞተር 250 ዋትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይበቃል ብለው በሕግ ወስነዋል። ሰውና ሳይክል፣ ሞተርና ባትሪ ተደምረው 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ200 ዋት ያነሰ ይበቃል። ቤዛዊትም እንኳ 1,000 ዋት አይጠይቅም። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ወደብ ላይ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር በዚህ የተነሣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ግድ የለውም። እንዲያውም የሚገፋው አየር ስለሳሳለት ተጠቃሚ ነው። ሰውየው በስንት ምክር 250 ዋቱን ወሰደ፤ ልቡ ግን 1,000ው ጋ ቀረ።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስለው ታሪክ ቢነግሩት ጥሩ ነበር። ታኅሣሥ 1888 ላይ፣ የዐፄ ምኒልክ ጦር መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ከቦ ሳለ፣ ኦግደን ቦልተን የተባለ የኦሃዮ ሰው በኋላ ጎማው እምብርት ሞተር የተገጠመለት፣ ባትሪው ከመሐል የተንጠለጠለ ሳይክል ሠርቶ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። የዛሬውም አሠራር ከዚያ ብዙ አልራቀም። የቦልተን ሞተር ግን የሚሠራው በ10 ቮልት ስለነበር እስከ 100 አምፒር ይስብ ነበር፤ ያንን የሚሸከም ሽቦ ደግሞ ጣት ያክላል። የሰውየው 36 ቮልት ነው፤ 250 ዋት ሲሰጥ የሚስበው 7 አምፒር ያህል ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። ጃፓን ውስጥ ያማሃ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝ ሞተር ያለው ሳይክል ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዛሬ ቻይና ውስጥ ብቻ ከ300 ሚሊዮን በላይ ባለ ሁለት ጎማ ኤሌክትሪክ አለ። ሽምብጥ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ጣጣው የጀመረው ከ28 ነው። የአሮጌዋ ሳይክል ጎማ 28 ቁጥር ነው። ከነቸርኬው ተሠርቶ የሚመጣው ሞተር ካርቶንም ላይ 28 ተጽፏል። 28 ከ28 ካልተስማማ ማን ከማን ሊስማማ ነው? ይሁንና በድሮው ቸርኬ ላይ ጎማው የሚያርፍበት ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር 635 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአዲሱ ላይ 622። ሁለቱም ስማቸው 28 ነው፤ አሮጌው ጎማ ግን አዲሱ ቸርኬ ላይ ሲገባ ይዋልላል። «ግድ የለም፣ ሞተሩን ከአዲሱ ቸርኬ አላቅቀን በአሮጌው ላይ በሽቦ እንወጥረዋለን» አለ ሰውየው። መካኒኩ የቸርኬውን ቀዳዳዎች በጣቱ እየነካ ቆጠረ። የእንግሊዝን ሞዴል ተከትለው የተሠሩ የድሮ ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ የፊት ቸርኬያቸው 32፣ የኋላው 40 ቀዳዳ ነው። ሞተሩ የሚፈልገው 36 ነው። በሒሳብ ከሆነ 32ና 40 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 36 በትክክል ይመጣል፤ ሳይክሏ ግን ከሁለቱ ጎማዎቿ አንዷንም ለማስማማት ፈቃደኛ አልሆነችም።

«ጋሼ» አለ መካኒኩ፣ «ይቺ በክብር ጡረታ ትውጣ። ባለ 26 ማውንቴን አሮጌ ይግዙ፣ ቀዳዳው 36 ነው፣ ዛሬውኑ እገጥምልዎታለሁ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመካኒኩ በኩል ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ማውንቴኑን ቢይዝ ይሻለዋል። ሰውየው ግን ሳይክሏን እንደ ዘመድ ያያታል። አዲሱን ቸርኬ ከነሞተሩ፣ ከአዲስ ጎማና ከመነዳሪ ጋር ከፊት አስገጠመ። የፊት ሹካዋ ጠበብ ያለ ስለነበር በጉልበት ከፈት ተደረገ፤ ደግነቱ ብረት ነውና ቻለው። አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ማግባባት አይቀበልም ነበር፤ ሳይጎብጥ ይሰበራል።

አንድ ነገር ግን መካኒኩ ሳያስጨርስ አልለቀቀውም። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት ሲያዞር አክስሉ በበኩሉ ወደኋላ መዞር ይፈልጋል። ዳዶ ብቻውን አይዘውም፤ ቀስ በቀስ ይላላና አንድ ቀን ሽቦው ተጠማዝዞ ይበጠሳል፣ ጎማውም ሹካውን ጥሎ በራሱ መንገድ ይሄዳል። መፍትሔው አንድ ጫፉ አክስሉን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ሌላው ጫፉ ሹካው ላይ የሚታሰር የብረት ቁራጭ ነው። ብየዳ ቤት ከቁርጥራጭ ብረት ተቆርጦ ይወጣል። ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ በጣም ርካሹ ይኸው ነበር፤ ሰውየው ግን በጣም የተከራከረበትም ይኸው ነው።

ባትሪው ሌላ ታሪክ ነው። ርካሹ መንገድ የሊድ አሲድ ነው፤ ባለ 12 ቮልት ባለ 12 አምፒር ሰዓት ሦስቱን ቀጥሎ 36 ቮልት ማግኘት። ወረቀት ላይ 432 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሳይጎዳ የሚሰጠው ግን ግማሹን ያህል ነው። ክብደቱም ከ10 ኪሎ በላይ ስለሆነ ፖርቶመጋላው ላይ ሲታሰር ጤፉ ቦታ ያጣል። ሌላው ዘዴ ደግሞ ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡ ትንንሽ ሊቲየም ባትሪዎችን ማገጣጠም ነው። ለ36 ቮልትና ለ10 አምፒር ሰዓት 40 ያህል ፍሬ ያስፈልጋል፤ አንድ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ስድስት ስለሚይዝ ሰባት ላፕቶፕ መበተን ማለት ነው። ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን እነዚያ ፍሬዎች ዕድሜያቸውም ጤናቸውም አንድ አይደለም፤ የደከመው ከጠንካራው ጋር ታስሮ ሲሞላ ይግላል፣ ከጋለም እሳት ነው። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰው ሞቶባታል፤ በዚያው ዓመት ከአሮጌ ባትሪ የተገጣጠመ ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ሰውየው የሚተኛውም፣ ባትሪውን የሚሞላውም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ቁጠባ ጀግንነት አይደለም።

አዲስ ሊቲየም ከየት ይምጣ? እንደተለመደው አሜሪካ ያለች እህት ትዝ አለች። ለገና ስትመጣ «አንድ ትንሽ ዕቃ» እንድትይዝለት ጠየቃት። ሞተር ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ ሦስት አራት ኪሎ ነው፣ ከሻንጣዋ 23 ኪሎ ላይ ይነሣል። ባትሪ ግን አይሳፈርም። በመንገደኛ አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ ከዚያ እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው፤ ከ160 በላይ በእጅም በሻንጣም ክልክል። የእሱ 360 ነው። እህትዬዋ ከባትሪው ይልቅ ሸሚዝ አመጣችለት። በመጨረሻ ባትሪው ከአዲስ አበባ በመኪና መጣ፤ ከሞተሩም ከቸርኬውም በላይ ያስወጣው እሱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነው የቤት አከራዩ እትዬ የገቡበት። ግቢው አንድ ቆጣሪ ነው፤ ተከራዩ ሁሉ የሚከፍለው በእትዬ ግምት ነው፤ ግምታቸው ደግሞ ይግባኝ የለውም። ማታ በመስኮት በኩል የቻርጀሩን ቀይ መብራት አዩና በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ሳይክል መብራት ይበላል እንዴ?»

ሰውየው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ቻርጀሩ 42 ቮልት በ2 አምፒር፣ 84 ዋት፤ ከድሮው ባለ 100 አምፖል ያንሳል። ባትሪው ባዶ ሆኖ ቢሞላ፣ በመንገድ የሚባክነውም ተጨምሮ፣ ከግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት በታች ነው። እትዬ ዝም ብለው አዩት። ሌላ መንገድ ፈለገ። የእሳቸው ኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ባትሪውን ጢም አድርጎ የሚሞላው መብራት ምጣዱን የሚያሠራው ለሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። «ሁለት ወይ ሦስት እንጀራ ቢያስጋግር ነው፣ እትዬ።»

ይህ ገባቸው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባቸው። «ታዲያ በየማታው ሦስት እንጀራዬን ትበላለህ ማለት ነዋ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው የመብራት ሒሳብ በእንጀራ ሆነ። ካውያ የሚተኩሰው ተከራይ ስንት እንጀራ እንደሚበላ፣ ውኃ በኤሌክትሪክ የሚያፈላው ስንት እንደሚበላ ሰውየው እየተጠራ ያሰላ ጀመር። ጎረቤቶቹ ለዚህ አላመሰገኑትም።

ሳይክሏስ? ሄደች። በደንብ ሄደች። ሞተር መቼም መሄድ አያቅተውም፤ ያልታሰበበት መቆም ነው። አሮጌዋ ሳይክል ፍሬኗ በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ጎማውን ከቸርኬው ውስጠኛ ጎን የሚይዝ ነው። አዲሱ ቸርኬ ቅርጹም ልኩም ስለተለየ የፊቱ ፍሬን ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ሞተሩ ሲገባ ፍሬኑ ወጣ። በኋላው ብቻ ልንዳ ቢልም፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 25 ይሄዳል። ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ 25 ከ15 ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በክረምት፣ ያ የሐምሌ ዝናብ ቸርኬውን ሲያርሰው፣ የዘንግ ፍሬን ጭራሽ ምክር ብቻ ይሆናል። ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ባጃጆቹ መሐል ገብቶ በጫማው ሶል እየታገዘ ከቆመ በኋላ ሰውየው በቀጥታ ወደ መካኒኩ ተመለሰ። በሽቦ የሚሳብ ባለ ሁለት ክንድ ፍሬን ለፊት ተገኘለት፤ የኋላውም የፍሬን ጎማ ተቀየረ። ከመነሻው ከፍሬኑ ጀምሮ ወደ ሞተሩ ቢሄድ ኖሮ ጫማውም ይተርፍ ነበር።

አሁን ዓይኑ ጢስ ዓባይ ላይ ነው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ ውኃው እየወደቀ መብራት የሚመነጭበት ስፍራ ነው። በየኪሎ ሜትሩ 10 ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ እግሩም ካገዘው፣ የሊድ ባትሪው ቢሆን ኖሮ 20 ኪሎ ሜትር ወስዶ ከኃይል ማመንጫው 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ያልቅበት ነበር። ሊቲየሙ ግን ያደርሰዋል። መመለሱን አይመልሰውም፤ ደግሞ ወንዙ የሚወርደው ወደዚያ ስለሆነ ሲመለስ አቀበቱ የእሱ ነው። እንግዲህ ቻርጀሩን ይዞ ሄዶ፣ አንድ ቡና ቤት ሶኬት ለምኖ፣ አራት አምስት ሰዓት ተቀምጦ ሞልቶ መመለስ አለበት። ዕቅዱን ሲሰሙ ከሁሉም በላይ ደስ ያላቸው እትዬ ናቸው።

«በየሳምንቱ ሂድ» አሉት፤ «እዚያው ከሚወጣበት ሞልተህ ና።»