መዝገቡና የኪስ ደብተሩ

በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ባለች አገር ከርነል የሚባል መዝገብ ያዥ ነበረ። የአገሪቱ መሬት እኩል እኩል ተሸንሽኖ ታድሏል፤ አንዱ ቁራሽ ገጽ ይባላል፣ ስፋቱም 4,096 ባይት ነው። ባለይዞታው የሚያውቀው የተሰጠውን የወረቀት አድራሻ ብቻ ነው፤ መሬቱ በእርግጥ የት እንዳለ የሚናገረው መዝገቡ ነው። መዝገቡን ማየት ደግሞ አራት ጥራዝ ተራ በተራ መግለጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ኮር የሚባሉት አራቱ መልእክተኞች አንዴ ያዩትን አድራሻ ቲኤልቢ በምትባል የኪስ ደብተር ጽፈው ይይዛሉ፤ በሌላ ጊዜ መዝገብ ቤቱን ሳይረግጡ በቀጥታ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን አንድ ባለይዞታ የመሬቱ አድራሻ እንዲለወጥለት አመለከተ። ከርነል መዝገቡን ቆልፎ አዲሱን አድራሻ ጻፈ፤ ለመልእክተኞቹ «አሮጌውን ሰርዙ» ብሎ ሳያስነግር ግን ቁልፉን ለቀቀ። በዚያች ቅጽበት ሌላ ጸሐፊ ገብቶ ያው መሬት እንዲመለስ የወጣውን ትእዛዝ አስፈጸመ። መዝገቡ ላይ ያገኘው አዲሱን አድራሻ ብቻ ነውና እሱን አሰርዞ መሬቱን ለአንዲት መበለት ሰጠ። ሦስተኛው መልእክተኛ በአሮጌው አድራሻ ሰተት ብሎ ገባ፤ የመበለቲቱን ምስጢር አንብቦም ለቀድሞው ባለይዞታ አደረሰ።

«ልጄ፣ የሰው ቤት እንድትገባ ማን ፈቀደልህ?» አለው ከርነል።

«እርስዎ ነዎት አባቴ። ደብተሬ ላይ ያለው ከእርስዎ መዝገብ የገለበጥኩት ነው። ሰርዝ ያለኝም የለም።»

እኔ ለመልእክተኛው እፈርዳለሁ። «ለምን አልሰማህም?» ብሎ የሚቆጣ ሹም አስቀድሞ ማሰማቱን ይመርምር። ነገሩም ተረት ብቻ አይደለም፤ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 3.2 እትም ጀምሮ፣ የመሬት አድራሻ በሚለውጠው ኤምሪማፕ በሚባል ጥሪ ይህንኑ ስህተት ተሸክሞ ኖሯል፤ የታረመው በ2018 ነው።

ሸንጎ ተቀመጠ። ከርነልም ወሰነ፦ አድራሻ ሲለወጥ ደወል ይደወል፤ መልእክተኞቹ ሁሉ የያዙትን ጥለው ይሰርዙ፤ ሁሉም «ሰርዣለሁ» ሳይሉ ቁልፉ አይለቀቅ፣ መሬቱም ለማንም አይሰጥ።

ፈጣኑ መልእክተኛ ተነሣ። «ለአንድ ቁራሽ መሬት አራታችንም ሥራ ልናቆም? ነገ አርባ ብንሆንስ?»

እውነት አለው፤ መልእክተኛው በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይረዝማል።

«ወንድሜ፣» አለች መበለቲቱ፣ «ለአንተ ቁራሽ መሬት ነው፤ ለእኔ ቤቴ ነው።»

ውሳኔው ጸና። ሦስተኛው መልእክተኛ በነጻ ተሰናበተ፤ ለመበለቲቱም ሌላ ቁራሽ ተሰጣት። የተነበበውን ምስጢር ግን የሚመልስላት አልተገኘም።