የክረምት መምህር፦ ከአንበሳሜ እስከ ፔዳ የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት በአገራችን በብዛት የሚገኝ፣ ተመራማሪ ግን ዞር ብሎ ያላየውን አንድ ፍጡር ይመለከታል፤ የክረምት መምህርን። ፍጡሩ ከመስከረም እስከ ሰኔ ደቡብ ጎንደር፣ አንበሳሜ ይኖራል። ሐምሌ ሲገባ ከዚያ ይጠፋና ባሕር ዳር ላይ ጃንጥላ፣ የፕላስቲክ ፋይልና ያልደረቀ ጫማ ይዞ ይታያል። ወፎችም እንዲህ ወቅት ጠብቀው ይሰደዳሉ፤ ለምዝገባ ግን አይሰለፉም።

ጥናቱ በቋንቋ መምህራን ላይ ብቻ ተወስኗል። የሒሳብ መምህራን ለቀረበላቸው ጥያቄ በአንድ ቃል ስለሚመልሱ ገጽ አይሞሉም። ሴት መምህራን ደግሞ ልጅ አዝለው መጥተውም አሳይመንታቸውን በቀኑ ስለሚያስገቡ፣ ውጤቱን እንዳያበላሹ ከናሙናው ወጥተዋል። የመረጃ መሰብሰቢያው ስልት ተሳትፏዊ ምልከታ ነው፤ ማለትም አጥኚው ቡና አዝዞ አጠገባቸው ይቀመጣል። ሌላው ውስንነት መንገድ ነው። ጥናቱ መንገድ ክፍት የነበረባቸውን ክረምቶች ብቻ ይሸፍናል። በሌሎቹ ክረምቶች ፍጡሩ ካለበት አልተነቃነቀም፤ ካለበት ባልተነቃነቀ ፍጡር ላይ ደግሞ የፍልሰት ጥናት አይሠራም።

ለትምህርት ብሎ ከቤት መውጣት ለደቡብ ጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ የፈለገ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ እያለ፣ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጋይንት ሲጓዝ ኖሯል። የክረምቱ መምህር የዚሁ ዘር ነው የሚል መላምት አለን። ሻንጣው ተፈትሾ በሶ፣ ድርቆሽና በርበሬ መገኘቱ መላምቱን ያጠናክራል። አንድ ልዩነት ግን አለ። የቆሎ ተማሪው የኔታ ለመሆን ነበር የሚሄደው፤ ይኸኛው የኔታ ሆኖ ሳለ ተማሪ ሊሆን ይሄዳል። በተጨማሪም የቆሎ ተማሪው በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ይለምን ነበር፤ ይኸኛው ከመምህራን ብድርና ቁጠባ ማኅበር ይበደራል። የለመነው አልመለሰም፤ የተበደረው ግን ከነወለዱ ይመልሳል።

የስደቱ መንስኤ መሰላል ነው። የመምህራን የእድገት መሰላል ከጀማሪ መምህር ይነሣና በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር አልፎ ወደ መሪ መምህር ይወጣል። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ሦስተኛውን ደረጃ ነው። አንድ ሰው ስንት ዓመት ጠመኔ ሲውጥ ቆይቶ፣ መምህር የሚሆነው እዚያ ሲደርስ ነው። በ10+3 ዲፕሎማ የገባው ደግሞ ዲግሪውን ካልያዘ መሰላሉ ሲነቃነቅበት ይኖራል። ስለዚህ ፔዳ ይሄዳል። በ1965 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ፣ ማለትም ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የሚኒባስ ረዳቶች ግን ውሕደቱን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም።

ዋናው ግኝታችን የተመዘገበው በጉዞው ላይ ነው። ፍጡሩ አንበሳሜ መናኸሪያ ሲደርስ «መምህር» ይባላል፤ ጋቢናም ይለቀቅለታል። ሐሙሲት መኪና ሲቀይር «ጋሼ» ይሆንና ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዓባይ ማዶ ሲደርስ «ወንድም፣ ጠጋ በል» ይባላል። ከዓባይ ድልድይ ወዲያ «አንተ፣ ሒሳብ!» ነው። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ ድልድይም ሆነ በአሮጌው ቢሻገር ውጤቱ አልተለየም። ማዕረግ በኪሎ ሜትር እየተቆረሰ እንደሚያልቅ ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ መረጃ አላገኘንም።

ክፍል ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ ሌላ ምዕራፍ ነው። አሥር ወር ሙሉ «እናንተ ኋላ ያላችሁት!» ሲል የኖረ ሰው፣ ገብቶ የሚቀመጠው ኋላ ነው። ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ይከፍታል። ለቀረ ጓደኛው ይፈርማል። ስለ ሥነ ልሳን ጽንሰ ሐሳብ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተገለጸለት በኋላ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው «ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ብሎ ነው። ኩረጃን በተመለከተም የስያሜ ማሻሻያ አድርጓል፤ አንበሳሜ ላይ ወላጅ የሚያስጠራው ጥፋት፣ እዚህ «መመካከር» ይባላል። የቡድን ሥራ የሚሠራው ማንጎ መናፈሻ ጣና ዳር ነው። አምስት ሰው ይመጣል፤ አንዱ ይጽፋል፤ አራቱ የጽሑፉን ነጠላ ሰረዝ ያርማሉ።

ከሁሉ የከበደው ግን አስተማሪው የቀድሞ ተማሪው ሆኖ ሲገኝ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ልጁ አንበሳሜ ስምንተኛ ክፍል ሳለ በቀይ እስክሪብቶ የተጨቀጨቀ ነው፤ አሁን ዶክተር ተብሏል። መጀመሪያ ማን ከመቀመጫው ይነሣ የሚለው ጥያቄ ስላልተፈታ ሁለቱም ግማሽ ተነሥተው ግማሽ ይቀራሉ።

«ጋሼ፣ አሳይመንቱን መቼ ነው የሚያስገቡልኝ?»

«ዶክተር፣ መብራት ጠፍቶብኝ ነው እንጂ አልቋል።»

ዶክተሩ ዝም ይላል። ይህችን ምክንያት ያውቃታል፤ በኩራዝ ዘመን ራሱ አቅርቧት፣ ጋሼ «የኩራዝ መብራት እንዴት ነው የሚጠፋው?» ብለው በክፍሉ ፊት አስቀውበታል። አሁን ግን ሦስት ቀን ይጨምርላቸዋል። ጋሼም ሲወጡ ልጁን ያኔ ቀጥተው ባያስተምሩት ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ነበር ብለው ለጓደኞቻቸው ያስረዳሉ።

ምሽቱ ጸጥ ያለ ነው። ሽሮ ይበላል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባም ሽሮ ይበላል፤ በመሆኑም ጾሙ የገባበትን ቀን ከምግቡ መለየት አልተቻለም። ከዚያ ወደ ቤት ይደውላል። ሚስቱ የዳጉሳው አረም እንደ በረታ፣ ደቦ ለመጥራት ጠላ መጥመቅ እንዳለባት ትነግረዋለች፤ እሱ ስለ ፎኖሎጂ ይነግራታል። ጥሪው በአብዛኛው እዚህ ላይ ይቋረጣል፤ ኔትወርክ ነው ይባላል።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። የሠፈሩ ልጆች ዱላቸውን እየመቱ ተከራይቶ ወደሚኖርበት በር ይመጣሉ። ሌላው ሰው ገና ሲጀምሩ ሳንቲም ወርውሮ ይገላገላል፤ የቋንቋ መምህሩ ግን እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ከዚያም ሦስተኛው ስንኝ ቤት እንደማይመታ ይነግራቸዋል፤ ያስተካክልላቸዋል፤ አንዴ ያስደግማቸዋል። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ምሳሌ ይቀበላሉ። በሚቀጥለው ቡሄ ያ በር አይንኳኳም። አከራይቷ ይህን ጠባይ ወደውለት የቤት ኪራይ እንዳልጨመሩበት ለማረጋገጥ ሞክረናል፤ ጨምረውበታል።

ውጤት የሚለጠፈው ጳጉሜ አካባቢ ነው። የጎደለበት ማርክ ካለ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል፤ ራሱ አንበሳሜ ላይ «ማርክ አይለመንም» ብሎ በካርቶን ጽፎ ከቢሮው በር ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ግን እንደ ተለጠፈ ነው። ከዚያ ተመልሶ ድልድዩን ይሻገራል። ዓባይ ማዶ ላይ «ወንድም»፣ ሐሙሲት ላይ «ጋሼ»፤ ለአንበሳሜ ጥቂት ሲቀረው ሸሚዙን ወደ ሱሪው ያስገባል።

መስከረም ላይ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደርሶ ሲገባ ሰሌዳውን ራሱ ይጠርጋል፤ ቀኑን ይጽፋል፤ ከሥሩም በትልልቅ ፊደል፦ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ? ከአንድ ገጽ ባላነሰ አንቀጽ ጽፋችሁ ለሰኞ አቅርቡ።» የዘገየ ሁለት ማርክ ይቀነስበታል። ኋላ ያሉት ስልካቸውን ወደ ፊት እንዲያስረክቡ ይደረጋል። መብራት ጠፋ የሚል ምክንያት ተቀባይነት የለውም።