እሳቱንስ ማን ሰጠኝ?

ከከምባታው ዳምቦያ ሰው ጋር ስለ እምነት መከራከር ያማረው ከተሜ አስቦበት ይምጣ። «እናንተ ችግር በመጣ ቁጥር እግዚአብሔር ያውቃል ትላላችሁ፤ ራሳችሁን የምትችሉት መቼ ነው?» ይላል። ራሱን የቻለ ሰው ካለ ያሳየን! የተወለድከው በእናትህ ምጥ፣ የምትቀበረው በእድርተኛ ትከሻ፤ መሃል ላይ ነው ራሴን ቻልኩ የምትለው?

«በራስህ ተማመን» የሚባለው ምክር የሚያምረው ቀን ሲያምር ነው። እንሰት ተክሎ ለሚኖር ሰው ግን አይበቃም። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ደጋ ሲሆንማ ጭራሽ ይዘገያል። ያን ሁሉ ጠብቀህ፣ ደረሰ ስትል አጠውልግ ይገባል። የመሃሉ ቅጠል ይጠወልጋል፤ ግንዱን ስትቆርጠው ቢጫማ ፈሳሽ ያዣል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። በሽታው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ የገዛ ቢላህ ነው።

አንዲት እናት ጓሮ ቆመው ጸለዩና ቢላቸውን እሳት ላይ ይለበልቡ ጀመር፤ ስለቱን እያገላበጡ፣ አንዱንም ጎን ሳይረሱ። «እናቴ፣ ከጸለዩ ወዲያ እሳቱ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «እሳቱንስ ማን የሰጠኝ መስሎህ ነው?» አሉኝ።

እምነት ስንፍና ነው የምትል ሁሉ መልስህን ከእሳቸው ውሰድ። የታመመውን ነቅለው ይቀብራሉ፣ ቢላውን ይለበልባሉ፣ ጤነኛውን ችግኝ ይተክላሉ። የከርሞውን ግን ትከሻቸው ላይ አይጭኑም። በራሱ ብቻ የተማመነ ሰው ማሳው ሲጠወልግ አብሮ ይጠወልጋል፤ እሳቸው ጉድጓድ ይቆፍራሉ።

«ፈረንጅ ባይደግፋችሁ ቤተ ክርስቲያናችሁ ዓመት አትቆምም» የሚልም አለ። እሱ ታሪክ ይጠይቅ። ሚሲዮናዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ ወደ ሆሳዕናና ወላይታ የወረዱት በ1920 ዓ.ም. ነው። በ1929 ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት ምዕመናን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ደሞዝ የሚከፍል፣ ሐኪም ቤት የሚያቆም፣ ባለሥልጣን ፊት የሚሟገትላቸው አልነበረም። ከምዕመናኑ መሪዎች አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ታሰረ፣ ተገረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10,000 አማኝ ነው። ምሰሶው ፈረንጅ ከነበረ፣ ፈረንጁ ሲሄድ ቤቱ በምን ሰፋ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የሚያፌዘው ከተሜ አይደለም፤ በእግዚአብሔር ስም የሚነግደው ደላላ ነው። ከከምባታና ከሀዲያ ልጆቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚጎርፉበት መንገድ ላይ ተቀምጦ «ጌታ በሩን ከፍቶላችኋል» ይላል። አባት በሬውን ይሸጣል፣ እናት ትጾማለች፣ ልጁ ይሄዳል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ናቸው።

እናንተ ወላጆች፣ ያ ደላላ ደጃችሁ ሲመጣ ወንበር አታቅርቡለት። ቆሞ ይመልስ፦ እግዚአብሔር በከፈተው በር አንተ በምን ሥልጣን ታስከፍላለህ? ኮንቴይነሩንስ የዘጋው ማነው?